ሜላኖማ የመሰለው የተረከዝ እባጭ፦ ከጅማ አንድ ጉዳይ

ታካሚው 29 ዓመቱ ነው፤ ጅማ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። እባጩ ከቀኝ ተረከዙ አጥንት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ወፍራሙ የተረከዝ ጅማት ላይ ተጣብቋል። ሲጀምር የሽምብራ ፍሬ ያክል ነበር፤ በስምንተኛው ወር የዶሮ እንቁላል ሊያክል ምንም አልቀረው። የባጃጅ ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ስለሆነ ማታ ማታ ይጠዘጥዘዋል እንጂ ሌላ ሕመም የለውም። ቁስል የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ክብደቱም አልቀነሰም። መጀመሪያ ጫማው ያሻሸው መስሎት ጫማ ቀየረ፤ ቀጥሎ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ሦስት ጊዜ በቅቤ ታሸ። ኋላም አንድ ክሊኒክ የጅማት ውሃ ቋጠሮ ነው ብሎ በመርፌ ቢስበው ከደም በስተቀር የወጣ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የውሃ ቋጠሮ ሲወጋ የሚወጣው እንደ ማር የሚዝለገለግ ንጹሕ ፈሳሽ ነው። ደም ብቻ ከወጣ እባጩ ቋጠሮ አይደለም፤ ጠጣር ነገር ነው። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የእጅ ምርመራውም ብዙ ይናገር ነበር፦ እግሩ ሲዝናና እባጩ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል፤ ታካሚው የእግሩን ጣቶች ወደ ላይ ስቦ ጅማቱን ሲወጥረው ግን ቀጥ ይላል። ይህ ማለት ከቆዳው ጋር ሳይሆን ከጅማቱ ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ቆዳው ከላዩ በጣት ተቆንጥጦ ይነሳል፤ ቀለሙም አልተለወጠም። አልትራሳውንድ ውስጡ ጠጣር መሆኑንና የደም ዝውውር እንዳለው አሳየ። ኤምአርአይ 4.5 በ3 በ2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ዳርቻው የተስተካከለ ዕጢ አወጣ። ዳርቻው የተስተካከለ መሆኑ ማንንም ሊያረጋጋ አይገባም፤ ይህ ዓይነቱ ዕጢ በምስል ላይ ጨዋ መስሎ በመታየት የታወቀ ነው።

የመጀመሪያው ስም

በቀጭን መርፌ የተወሰደው ናሙና (ኤፍኤንኤ) ክብና ሞላላ ሕዋሳት ያሉበት፣ በኒውክሊየሳቸው (በሕዋሱ እምብርት) መሐል ትልቅ ኒውክሊዮለስ (ነጥብ መሰል አካል) የሚታይ ሆኖ ተገኘ። ከተማው ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ የተወሰደው የመጀመሪያ ባዮፕሲ ደግሞ ቡናማ ቅንጣቶች ያሉበት ስላይድ ሰጠ። ሪፖርቱ የተሰራጨ ሜላኖማ (ሜላኒን የሚባለውን የቆዳ ቀለም ከሚሠሩ ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር)፣ መነሻው ያልታወቀ የሚል ነበር።

የዚህን ስም ክብደት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ቆዳው ደኅና ሆኖ ጥልቅ ለስላሳ ቲሹ ውስጥ የተገኘ ሜላኖማ ከሌላ ቦታ እንደመጣ ይቆጠራል። ከሌላ ቦታ ከመጣ ሰውየው የተሰራጨ ካንሰር አለበት፤ ቀዶ ሕክምናው ማስታገሻ ይሆናል፤ ተስፋው ሁሉ ዋጋው በማይቀመስ መድኃኒት ላይ ይንጠለጠላል። ይኸው ዕጢ ከጅማቱ ራሱ የበቀለ ሳርኮማ (እንደ ጅማትና ጡንቻ ካሉ ቲሹዎች የሚነሳ ካንሰር) ከሆነ ግን አንድ ቦታ ያለ፣ ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል በሽታ ነው። ስላይዱ አንድ ነው፤ የሰውየው ዕድል ግን ሁለት።

መነሻውን ፍለጋ ተጀመረ። የራስ ቅል ቆዳ ፀጉር እየተገለጠ፣ መዳፍ፣ የእግር ጣቶች መሐል፣ የውስጥ እግር፣ ሃያው ጥፍር፣ አፍ፣ ብልትና ፊንጢጣ ታዩ፤ ዓይኑም ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ተመረመረ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ የሚበዛው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በተለይ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ስለሆነ ካልሲ ሳያስወልቁ የሚደረግ ምርመራ ምርመራ አይባልም። የተገኘው ጀርባው ላይ ያለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልተለወጠ ማርያም የሳመችው ብቻ ነው። ብሽሽቱ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንፍፊት ነበር፤ በመርፌ ሲታይ ተራ የሊምፍ ሕዋሳት ብቻ ወጡ። በክፍት ጫማ ለሚውልና እግሩ ለሚጫጫር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ቡናማ ሁሉ ሜላኒን አይደለም

መነሻ ሲጠፋ ስላይዱ ራሱ ዳግመኛ ተጠየቀ። የመጀመሪያው ናሙና የደረሰው አንገቱ ጠባብ በሆነ ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ነው፤ ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፎርማሊን ሥጋውን ለመሸፈን ያህል ብቻ ነበር፣ በዚያ ላይ ዘጠኝ ቀን ቆይቷል። ዳሩ ከልክ በላይ ደርቋል፤ ፎርማሊኑ ሳይደርስበት የቀረው መሐሉ ደግሞ በስብሷል።

ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ነው። ፎርማሊኑ ባፈር (አሲድ እንዳይሆን የሚጠብቀው ጨው) አልነበረውም። ባፈር የሌለው ፎርማሊን ሲቆይ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀየራል፤ አሲዱ ደም ያለበት ቲሹ ላይ ከሄሞግሎቢን ጋር ተዋሕዶ ቡናማ ጥቁር ቅንጣት ያስቀራል። ይህ የፎርማሊን ቀለም ይባላል፤ ከሜላኒን ለመለየት ዓይን ብቻውን አይበቃም። በዚህ ላይ እባጩ ታሽቷል፣ በመርፌም ተወግቷል፤ ስለዚህ ከአሮጌ ደም የሚቀረው ሄሞሲደሪንም ይኖራል። ሦስቱም ቡናማ ናቸው።

መለያው እንዲህ ተሠራ። የፎርማሊን ቀለም በፖላራይዝድ ብርሃን ሲታይ ያበራል፣ ሜላኒን አያበራም። ሄሞሲደሪን በፐርልስ ቀለም ሰማያዊ ይሆናል። ሜላኒን በፎንታና ማሶን ቀለም ይጠቁራል፤ ስላይዱ አስቀድሞ በፖታሲየም ፐርማንጋኔትና በኦክሳሊክ አሲድ ከታጠበ ግን ይጠፋል። ውጤቱ፦ አብዛኛው ቅንጣት የፎርማሊን ቀለም፣ ጥቂቱ ሄሞሲደሪን ሆነ። እዚህም እዚያም ጥቂት ሕዋሳት ውስጥ ግን እውነተኛ ሜላኒን ነበር። ይህች ጥቂት ነገር ናት ጉዳዩን አስቸጋሪ ያደረገችው። ቀለሙ ሁሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

ሁለተኛው ናሙና በሥርዓቱ ተወሰደ። ቁርጡ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በእግሩ ርዝመት አቅጣጫ ነው የተደረገው። አግድም የተቆረጠ ባዮፕሲ ኋላ ዕጢው ሲወጣ አብሮ መውጣት ያለበትን ቆዳ እጥፍ ያደርገዋል፤ ተረከዝ አካባቢ ደግሞ የሚተርፍ ቆዳ የለም። ፎርማሊኑ እዚያው የተዘጋጀ ነው፦ ከፋብሪካ የሚመጣው (37–40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ያለበት) 100 ሚሊ ሊትር፣ የተጣራ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር፣ ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት 4 ግራም፣ ውሃ አልባ ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት 6.5 ግራም። ሥጋው ከ5 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተከፍሎ አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን፣ አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ገባ፤ የገባበት ሰዓት ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ገላ ላይ ተጻፈ። ክዳን ይቀያየራል። 24 ሰዓት ሲሞላው ወጣ።

ከዚሁ ናሙና ሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ቁራጮች ፎርማሊን ሳይነካቸው አርኤንኤ ሌተር ፈሳሽ ውስጥ ተቀመጡ። ፈሳሽ ናይትሮጅን እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ፈሳሽ ትልቅ ባለውለታ ነው፤ ቁራጩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካልወፈረ በክፍል ሙቀት ሳምንት፣ በፍሪጅ ወር ያህል አርኤንኤን (ሕዋሱ የሚሠራበትን የጅን ቅጂ) ይጠብቃል። መብራት ጠፍቶ ቢያድር ናሙናው አይበላሽም። ወይን ጠጅ ቀለም ክዳን ባላቸው ሁለት ቱቦዎች 4፣ 4 ሚሊ ሊትር ደምም ተወሰደ። የዕጢው ዘረመል ከራሱ ከሰውየው ዘረመል ጋር ሳይነጻጸር የትኛው ለውጥ የካንሰሩ፣ የትኛው የትውልድ እንደሆነ አይታወቅም፤ በዓለም የመረጃ ቋቶች ውስጥ የአፍሪካውያን ዘረመል ጥቂት በመሆኑ ይህ ቱቦ ለእኛ ታካሚዎች ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል።

አራት አዎንታ፣ አንድም መልስ የለም

አዲሱ ስላይድ ቀደም ሲል ተሸፍኖ የነበረውን አሳየ፦ ሕዋሳቱ በጎጆ በጎጆ ተሰባስበው በቀጫጭን የፋይበር ግድግዳዎች ተከፍለዋል፤ ሳይቶፕላዝማቸው ፈዛዛ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ኒውክሊየሶቻቸው እንደ አበባ ጉንጉን ዙሪያውን የተደረደሩባቸው ግዙፍ ሕዋሳት አሉ። ይህ ሁሉ ከጅማት ጋር ተዳምሮ ወደ አንድ ስም ይጠቁማል፦ ክሊር ሴል ሳርኮማ። ፍራንዝ ኤንዚንገር እ.ኤ.አ. በ1965 የለየው፣ ወጣቶችን የሚይዝ፣ ቁርጭምጭሚትና እግር አካባቢ ካሉ ጅማቶች የሚነሳ ብርቅ ካንሰር ነው። በ1983 ኤንዚንገር ራሱ ከባልደረባው ጋር የለስላሳ አካል ሜላኖማ የሚል ስም ሰጠው፤ ምክንያቱም ሜላኒን ይሠራል።

ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ (ሕዋሱ ውስጥ ያሉ ጠቋሚ ፕሮቲኖችን፣ ማለትም ማርከሮችን፣ በቀለም የሚያሳይ ምርመራ) ታዘዘ፦ ኤስ-100፣ ሶክስ-10፣ ኤችኤምቢ-45፣ ሜላን-ኤ። አራቱም ደምቀው በሩ፤ የሌላ ዓይነት ካንሰር (የካርሲኖማ) ምልክት የሆነው ኬራቲን አልበራም። ብዙ ቦታ ጉዳዩ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ ሜላኖማ ተብሎ። ስሕተቱም እዚህ ነው። አራቱም ማርከሮች የሚመልሱት ይህ ሕዋስ ሜላኒን የመሥራት ፕሮግራም ከፍቷል ወይ የሚለውን ጥያቄ ነው። ሁለቱም ካንሰሮች ከፍተውታል። አምስተኛና ስድስተኛ የሜላኒን ማርከር መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ አሠራሩ ሁለት ነገር። ቡናማ ቅንጣት ባለበት ቲሹ ላይ ዳብ የሚባለውን ቡናማ ማቅለሚያ መጠቀም ራስን ማሳወር ነው፤ ቀይ ማቅለሚያ ይመረጣል። ሁለተኛው የከፍታ ነገር ነው። ለአንቲጅን ማውጫ (ፎርማሊን የሸፈነውን ፕሮቲን በሙቀት ለመግለጥ) መመሪያዎቹ ከ95 እስከ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይላሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚያ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በክፍት ዕቃ የቱንም ያህል ቢፈላ መመሪያው ያለው ሙቀት አይደረስም፤ ማርከሩ ደብዝዞ ይወጣና አሉታዊ ተብሎ ይነበባል። መፍትሔው እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስል ድስት (ፕሬሸር ኩከር) ነው። በከፍታ ቦታ ባቄላ አልበስል የሚልበት ችግር የሚፈታበት ዘዴ ለአንቲጅኑም ይሠራል።

ክሮሞሶሙ የተሰበረበት

ሁለቱን የሚለየው የሕዋሱ መልክ ሳይሆን ካንሰሩ የተነሳበት ምክንያት ነው። በክሊር ሴል ሳርኮማ የክሮሞሶም 12 እና የክሮሞሶም 22 ቁራጮች ይለዋወጣሉ። በ22 ላይ ያለው ኢደብልዩኤስአር1 ጅን በ12 ላይ ካለው ኤቲኤፍ1 ጋር ይጣበቃል፤ ይህ ውሁድ ጅን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በጥቂቶች ደግሞ ተጣማሪው ሲአርኢቢ1 ይሆናል።

ይህ ሜላኒንን ለምን ያመጣል? በጤነኛ ሜላኖሳይት ውስጥ ኤምአይቲኤፍ የሚባለው ዋና ማብሪያ የሚበራው ከውጭ የሆርሞን ትእዛዝ ሲመጣ ነው፤ ትእዛዙ ሲያልቅ ይጠፋል። የኤቲኤፍ1 ግማሽ የኤምአይቲኤፍን በር የሚያውቅ እጅ ነው፤ የኢደብልዩኤስአር1 ግማሽ ደግሞ የማይደክም አንቀሳቃሽ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ትእዛዝ ሳይጠብቁ በሩን ይዘው ይቀመጣሉ። ኤምአይቲኤፍ ሌት ተቀን ይበራል፤ ሜላን-ኤ፣ ኤችኤምቢ-45 የሚያውቀው ፕሮቲንና ሜላኒን ራሱ ይከተላሉ። ስላይዱ ሜላኖማ መምሰሉ እንግዲህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ሜላኖማ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ፀሐይ ያመጣው የቆዳ ሜላኖማ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ለውጦችን ይሸከማል፤ ግማሽ ያህሉ ላይ ቢራፍ የሚባለው ጅን ተለውጦ ይገኛል። የውስጥ እግርና የጥፍር ሜላኖማ እንዲህ ያሉ ነጠላ ለውጦች ያንሱታል፤ የክሮሞሶም መሰባበርና መባዛት ግን ይበዛበታል፤ በአንዳንዶቹም ኪት የሚባለው ጅን ተለውጦ ይገኛል። ስለዚህ በእኛ አገር ታካሚ ላይ ቢራፍ አልተለወጠም የሚል ውጤት ብቻውን ሜላኖማን አያስወግድም።

የፓራፊን ብሎኩ (በሰም የተቀበረው ናሙና) በናሙና ዝውውር ስምምነት ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ተልኮ ፊሽ (ጅን መሰበሩን በሚያበሩ ምልክቶች የሚያሳይ ምርመራ) ተሠራለት። በ4 ማይክሮ ሜትር ቁርጥ ላይ ከኢደብልዩኤስአር1 ጅን ወዲህ ቀይ፣ ከወዲያ አረንጓዴ መብራት ይለጠፋል። ጅኑ ደኅና ከሆነ ሁለቱ ተጣብቀው ይታያሉ፤ ከተሰበረ ይራራቃሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሁለት የመብራት ነጥብ ስፋት ሲበልጥ ተሰብሯል ይባላል። ከ100 ኒውክሊየስ 81ዱ የተሰበረ ጅን ነበራቸው። ቀሪዎቹ ያልተሰበረ መምሰላቸው አያስገርምም፤ ቁርጡ ቀጭን ስለሆነ ኒውክሊየስ ለሁለት ይከፈላል፣ መሐላቸውም የታካሚው ጤነኛ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ መቁረጫ ቁጥሩን በራሱ ጤነኛ ቲሹ ላይ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ፊሽ ኢደብልዩኤስአር1 መሰበሩን እንጂ ከማን ጋር እንደተጣበቀ አይናገርም፤ ይህ ጅን በዩዊንግ ሳርኮማም ይሰበራል። አርኤንኤ ሌተር ውስጥ የተቀመጠው ቁራጭ የተፈለገው እዚህ ነው፤ አርኤንኤን አባዝቶ በሚያነበው አርቲ-ፒሲአር የኢደብልዩኤስአር1 ኤክሶን (የጅን ክፍል) 8 ከኤቲኤፍ1 ኤክሶን 4 ጋር መጋጠሙ ታየ። አሮጌው የዘጠኝ ቀን ብሎክ ለንጽጽር ተሞክሮ ነበር፤ አርኤንኤው ተቆራርጦ ምንም አልወጣም። ዲኤንኤውም አያስተማምንም። ፎርማሊን ሳይቶሲን (ሲ) የተባለውን የዲኤንኤ ፊደል ወደ ዩራሲል ይቀይራል፤ ማሽኑ ይህን «ሲ» ወደ «ቲ» ፊደል ተለወጠ ብሎ ያነባል፤ የፀሐይ ጨረርም በሜላኖማ ላይ የሚተወው አሻራ ሲ ወደ ቲ ነው። ያ ብሎክ ሳይታረም ተነብቦ ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱ የሠራውን ጥፋት ፀሐይ ያመጣው ሜላኖማ ብሎ ሊያጸድቅ ይችል ነበር። ዲኤንኤው አስቀድሞ ዩራሲልን በሚነቅል ኢንዛይም ከታከመ አብዛኛው ሐሰት ይጠፋል።

ሕክምናውና የበሽታ መከላከያው ጥያቄ

የደረት ሲቲ ንጹሕ ሆነ። ዕጢው ከባዮፕሲው ጠባሳ ጋር፣ በዙሪያው ካለው ጤነኛ ቲሹና ከተረከዝ ጅማቱ ክፍል ጋር ባንድነት ወጣ። የአውራ ጣቱ አጣፊ ጅማት ተዛውሮ የጎደለውን ተካ፤ ይህም አውራ ጣቱን ትንሽ ሲያደክም መራመድን ያድናል። ዳርቻዎቹ ከካንሰር ነጻ ሆኑ፤ ጥልቁ ዳርቻ ግን ጠባብ ስለነበር ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጨረር ተጨመረ። ኬሞቴራፒ አልተሰጠም፤ ይህ ሳርኮማ ለተለመዱት መድኃኒቶች እምብዛም አይበገርም።

ፒዲ-1ን (የበሽታ መከላከያን የሚገታ ፍሬን) የሚዘጉ መድኃኒቶች ጥያቄም ተነሥቷል፤ ቤተሰቡ ለሜላኖማ የሚሰጥ ተአምረኛ መርፌ እንዳለ ሰምቷል። አልተሳሳቱም። ከእ.ኤ.አ. 2014 ወዲህ እነዚህ መድኃኒቶች የሜላኖማን ታሪክ ለውጠዋል። የሚሠሩት ግን ቲ ሴሎች (የበሽታ መከላከያ ነጭ የደም ሕዋሳት) የሚያውቁት እንግዳ ነገር ዕጢው ላይ ሲኖር ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ለውጥ ያለው ዕጢ ብዙ እንግዳ ያሳያል። ክሊር ሴል ሳርኮማ አንድ ትልቅ ስብራት እንጂ ብዙ ትናንሽ ለውጦች የሉትም፤ ለቲ ሴሉ የሚያሳየው ፊት አንድ ነው ማለት ይቻላል። በሳርኮማ ላይ የተደረገው ሳርክ 028 የተባለ የፔምብሮሊዙማብ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም ከ40 የለስላሳ ቲሹ ሳርኮማ ሕሙማን ዕጢው በጉልህ የቀነሰላቸው 7 ነበሩ፤ የሚበዙትም ዘረመላቸው ክፉኛ የተመሰቃቀለ ዓይነት ሳርኮማ የያዛቸው ናቸው። ዕጢው ተቆርጦ ለወጣለትና በሲቲ የሚታይ ካንሰር ለሌለው ለዚህ ሰው የቤተሰቡን ከብት አሽጦ ይህን መድኃኒት ማስጀመር ትክክል አይሆንም ነበር።

አንድ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ተጽፏል። አሳሳቹ ኤችኤምቢ-45 የሚያውቀው ፕሮቲን ጂፒ-100 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ለዓይን ሜላኖማ የተፈቀደው ቴቤንታፉስፕ ቲ ሴልን ስቦ የሚያመጣው በዚሁ ፕሮቲን ምልክት ላይ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ግን ኤችኤልኤ-ኤ*02:01 (ከሰው ሰው የሚለያይ፣ በዘር የሚወረስ የሕዋስ መለያ) ላላቸው ሰዎች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለሲኖቪያል ሳርኮማ የተፈቀደው የቲ ሴል ሕክምናም የኤችኤልኤ-ኤ*02 ወገን የሆነ ዓይነት ይጠይቃል። ስለዚህ ከሁለቱ የደም ቱቦዎች አንዱ ለኤችኤልኤ ምርመራ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ካንሰሩ ከተመለሰ የመጀመሪያው ጥያቄ ያ ስለሚሆን።

ክትትሉ ከአብዛኞቹ ሳርኮማዎች በአንድ ነገር ይለያል፦ ይህኛው ከሳንባ ሌላ ወደ ሊምፍም ይሄዳል። በየሦስት ወሩ ደረቱ ብቻ ሳይሆን ብሽሽቱም በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ያ ንፍፊት በየጊዜው ተለክቶ መጠኑ ይመዘገባል። በ14ኛው ወር 1.1 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ሳንባውም ንጹሕ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላም የሚመለስ ካንሰር ስለሆነ ካርዱ ላይ የተጻፈው የስልክ ቁጥር የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የእናቱና የባጃጅ ማኅበሩም ተጨምሯል። ፍሬን ለመርገጥ ግራ እግሩን መልመድ ስላልሆነለት ባጃጁን ለወንድሙ አስረክቦ እርሱ መናኸሪያ አጠገብ መለዋወጫ ይሸጣል። ቀጣዩ ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ ነው።